“ጋዝ ሙላልኝ” ከማለት በፊት፦ የአሮጌ መኪና ኤሲ ለምን ይደክማል?

ቀትር ላይ ነው። መንገዱ ተዘጋግቷል። ኤሲው በርቷል፤ ማዞሪያው ሰማያዊው ጫፍ ላይ ደርሷል። ከክሩስኮቱ የሚወጣው አየር ግን የሰው እስትንፋስ ይመስላል። መስኮት ስትከፍቱ ይብሳል። ስትዘጉ ያልባችኋል። በማግስቱ ጋራዥ ትሄዱና አብዛኛው ሰው የሚለውን ትላላችሁ፦ “ጋዝ ሙላልኝ።”

ጋዝ ይሞላል። ለጥቂት ሳምንታት ደህና ይሆናል። ከዚያ ተመልሶ እዚያው ነው። አንዳንዴ ደግሞ በዚያኑ ቀን እንኳ ምንም ለውጥ አይታይም።

እኔም በአንድ አሮጌ መኪና ላይ ሁለት ጊዜ ጋዝ አስሞልቻለሁ። በመጨረሻ የተገኘው ችግር የማይዞር ፋን ነበር። ጋዙ ምንም አልጎደለውም ነበር። ከዚያ በኋላ ነው ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ በደንብ ለማወቅ የፈለግሁት። ካወቃችሁት ግማሹን ምርመራ ራሳችሁ፣ ያለ ምንም መሣሪያ ትሠሩታላችሁ።

ኤሲ ቅዝቃዜውን ከየት ያመጣዋል?

ከየትም አያመጣውም። ኤሲ ቅዝቃዜ አይፈጥርም። ሥራው ሙቀት ማውጣት ነው። በመኪናው ውስጥ ያለውን ሙቀት ተሸክሞ ውጭ ይደፋዋል።

መርፌ ከመወጋታችን በፊት ክንዳችን በአልኮል ሲታሽ ቀዝቀዝ ይለናል። አልኮሉ ራሱ ቀዝቃዛ ሆኖ አይደለም። ፈሳሽ ለመትነን ሙቀት ይፈልጋል፤ ያንን ሙቀት ከቆዳችን ይወስዳል። የኤሲ ጋዝ የሚሠራውም ይህንኑ ነው። በብዙ አሮጌ መኪኖች ውስጥ ያለው አር-134ኤ የሚባለው ጋዝ በተራ የአየር ግፊት ከዜሮ በታች 26 ዲግሪ ላይ ይፈላል። ለእሱ የመኪናችን ውስጥ ምድጃ ማለት ነው። ወዲያው ይተናል፤ ሲተን ደግሞ በአካባቢው ያለውን ሙቀት ይጠጣል።

ይህ የሚሆነው ከክሩስኮቱ ጀርባ በተደበቀው ኢቫፖሬተር ውስጥ ነው። ትንሽ ራዲያተር ይመስላል። ብሎወሩ (የአየር ማራገቢያው) አየር በላዩ ላይ ይነፋል። አየሩ ሙቀቱን እዚያ ጥሎ፣ ቀዝቅዞ ወደ እናንተ ይመጣል።

ጋዙ ይህን የጠጣውን ሙቀት የሆነ ቦታ ማራገፍ አለበት። እዚህ ላይ ኮምፕሬሰሩ ይገባል። በሞተሩ ቺንጋ እየዞረ ጋዙን ይጨምቃል። የብስክሌት ጎማ በእጁ የነፋ ሰው የፓምፑ ጫፍ እንደሚግል ያውቃል፤ የተጨመቀ ጋዝ ይሞቃል። ጋዙ ከውጭው አየር በልጦ እስኪሞቅ ድረስ ይጨመቅና ከራዲያተሩ ፊት ወዳለው ኮንደንሰር ይሄዳል። ውጭ 35 ዲግሪ ቢሆን ጋዙ ከ50 በላይ ስለሆነ ሙቀቱን ለውጭው አየር ያስረክባል። ሲያስረክብም ተመልሶ ፈሳሽ ይሆናል። ከዚያ ማስፋፊያ ቫልቭ በሚባል ጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ ግፊቱ በአንዴ ይወርዳል፣ ይቀዘቅዛል፣ ኢቫፖሬተር ውስጥ ገብቶ እንደገና ይተናል።

ጎርፍ የገባበትን ቤት በባልዲ እየቀዱ ማድረቅ አድርጋችሁ አስቡት። ውሃው ሙቀቱ ነው። ባልዲው ጋዙ ነው። ባልዲውን የሚያመላልሰው ሰው ኮምፕሬሰሩ ነው። ውሃው የሚደፋበት የውጭ ቦይ ደግሞ ኮንደንሰሩ ነው። ቤቱ አልደርቅ ካለ ባልዲው ትንሽ ሆኖ ሊሆን ይችላል። ግን ቦዩ ተደፍኖ፣ ሰውየው ደክሞ ወይም ጣሪያው አሁንም እያፈሰሰ ሊሆንም ይችላል። “ጋዝ ሙላልኝ” ስንል ከአራቱ አንዱን ብቻ ነው የምንገምተው።

ጋዙ እንደ ነዳጅ ያልቃል?

አያልቅም። ነዳጅ ይቃጠላል፤ የኤሲ ጋዝ ግን ያው እሱ ራሱ ከፈሳሽ ወደ ጋዝ፣ ከጋዝ ወደ ፈሳሽ እየተለዋወጠ በተዘጋ ቱቦ ውስጥ ይዞራል። ከጎደለ ወጥቷል ማለት ነው።

እርግጥ ነው፣ አሮጌ መኪና ቀስ እያለ ጥቂት ጥቂት ያጣል። ቱቦዎቹ በከፊል ጎማ ናቸው፤ መገጣጠሚያዎቹ ላይ ያሉት ኦሪንጎች (የጎማ ቀለበቶች) በሙቀት ይደርቃሉ፤ የኮምፕሬሰሩ አክስል በሚወጣበት ቦታ ጋዝ እንዳያመልጥ የሚዘጋው ማተሚያ ይላላል። አንድ ተራ የቤት መኪና የሚይዘው ጋዝ ሲበዛ 900 ግራም፣ ብዙ ጊዜም ከዚያ ያነሰ ነው። ስለዚህ ትንሽ የምትመስል ማፍሰስ በጊዜ ብዛት ትታወቃለች። ከብዙ ዓመት በኋላ ቅዝቃዜው ትንሽ ቢቀንስ የሚጠበቅ ነው። በየሁለት ወሩ የሚጎድል ከሆነ ግን ቀዳዳ አለ። ቀዳዳውን ሳይፈልጉ መሙላት በቀዳዳ ባልዲ መቅዳት ነው።

ቀዳዳው ብዙ ጊዜ ምልክት ይተዋል። ከጋዙ ጋር ኮምፕሬሰሩን የሚያለሰልስ ዘይት አብሮ ይዞራል፤ ጋዙ ሲያመልጥ ዘይቱንም ይዞ ይወጣል። ስለዚህ ኮፈኑን ከፍታችሁ የኤሲ ቱቦዎቹን መገጣጠሚያ፣ የኮምፕሬሰሩን ፊትና የኮንደንሰሩን ጥግ ተመልከቱ። አቧራ የያዘ፣ የረጠበ የዘይት ነጠብጣብ ካለ መጀመሪያ የሚጠረጠረው እዚያ ነው።

ታዲያ መጀመሪያ ምን ልፈትሽ?

አየሩን። ጥያቄው ይህ ነው፦ አየሩ በኃይል ወጥቶ ሞቃት ነው? ወይስ ቀዝቃዛ ሆኖ አወጣጡ ደካማ ነው? ሁለቱ ፍጹም የተለያዩ በሽታዎች ናቸው።

እጃችሁን የአየር መውጫው አጠገብ ስታደርጉ ቀዝቃዛ፣ ፊታችሁ ላይ ግን የማይደርስ ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ጋዙ አይደለም። ብዙ ጊዜ የካቢን ፊልትሮው፣ ማለትም ወደ ውስጥ የሚነፋውን አየር የሚያጣራው፣ ተደፍኗል ማለት ነው። ብዙ ጊዜ ከክሩስኮቱ ኪስ ጀርባ ይገኛል፤ በብዙ መኪኖች ላይ ያለ መፍቻ ይወጣል። መኪናውን አሮጌ ሆኖ የገዛ ሰው እንዲህ ያለ ፊልትሮ መኖሩን እንኳ ላያውቅ ይችላል። አውጥታችሁ በብርሃን ፊት ያዙት። ብርሃን ካላሳለፈ አየርም አያሳልፍም። ፊልትሮ የሌላቸው የቆዩ መኪኖች ላይ ደግሞ ቅጠሉና አቧራው በቀጥታ ኢቫፖሬተሩ ላይ ይለጠፋል። ያን ለማጽዳት ትንሽ ፍታታ ሊያስፈልግ ይችላል።

ከዚህ ጋር አንድ ቁልፍ አለ፤ ቀስቱ በመኪናው ውስጥ የሚዞር ምስል ያለበት። ሲጠፋ ኤሲው የሚያቀዘቅዘው ከውጭ የሚገባውን የጋለ አየር ነው። ሲበራ ግን አንዴ የቀዘቀዘውን የውስጥ አየር ደጋግሞ ያቀዘቅዛል። ለደካማ ኤሲ ይህ ትልቅ ልዩነት ነው። ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ ስትገቡ ግን መጀመሪያ መስኮቶቹን ከፍታችሁ አንድ ሁለት ደቂቃ ንዱ። ውስጥ የታፈነው አየር ከውጭው ይበልጥ የጋለ ነው፤ እሱን ለማውጣት ኤሲ አያስፈልግም፣ ነፋስ ይበቃል። ከዚያ መስኮቱን ዘግታችሁ ቁልፉን ተጫኑ።

ደግሞ ቴርሞሜትር ይኑራችሁ። የወጥ ቤቱም ይሆናል። መኪናውን ጥላ ሥር አቁሙ፣ የውስጥ አየር ቁልፉን አብሩ፣ ብሎወሩን ከፍ አድርጉ፣ ከሚኒሞ ትንሽ ከፍ ያለ ነዳጅ እየሰጣችሁ አሥር ደቂቃ ቆዩ። ቴርሞሜትሩን መሐል ካለው የአየር መውጫ ውስጥ አስገቡት። ደህና የሆነ ኤሲ ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 10 ዲግሪ ያወጣል። በጣም በሚሞቅና እርጥበት በበዛበት ቀን ከዚህ ከፍ ሊል ይችላል፤ ምክንያቱም ከአቅሙ ብዙው አየሩ ውስጥ ያለውን እንፋሎት ወደ ውሃ ለመቀየር ይውላል። ያገኛችሁትን ቁጥር ጻፉት። ከጥገና በኋላ “ተሻሽሏል” ሲባል የምታወዳድሩት ከእሱ ጋር ነው።

ስነዳ ይቀዘቅዛል፣ ስቆም ይሞቃል፤ ምንድን ነው?

ይህ ጥያቄ በጣም የተለመደ ነው። መልሱም አብዛኛውን ጊዜ ከመኪናው ፊት ለፊት ነው ያለው።

ኮንደንሰሩ ሙቀቱን ለመድፋት አየር በውስጡ ማለፍ አለበት። ስትነዱ ነፋሱ ራሱ ያልፋል። ስትቆሙ ግን አየር የሚስበው ፋኑ ብቻ ነው። ፋኑ ካልዞረ ወይም ከደከመ ጋዙ ሙቀቱን ሳይጥል ተመልሶ ይዞራል። ቦዩ ተደፍኗል፤ ባልዲው እንደ ሞላ ወደ ቤት ይመለሳል።

ፍተሻው ቀላል ነው። ሞተሩን አስነሱ፣ ኤሲውን አብሩ፣ ኮፈኑን ክፈቱ። የኤሌክትሪክ ፋን ባላቸው ብዙ መኪኖች ላይ ኤሲው ከበራ ትንሽ ቆይቶ ፋኑ መነሳት አለበት። ካልተነሳ ፊውዙ፣ ሪሌው፣ ሽቦው ወይም የፋኑ ሞተር ነው። እጃችሁን ግን አታስገቡ። ቆሞ የነበረ ፋን በድንገት ይነሳል፤ ጣት ይወስዳል።

ፋኑ እየዞረ ከሆነ ኮንደንሰሩን ራሱን እዩት። በዓመታት ብዛት አቧራ፣ ነፍሳት፣ ላባና የፕላስቲክ ቁራጭ ይሞላዋል። ክፉው ነገር ደግሞ ቆሻሻው ብዙ ጊዜ የሚከማቸው በኮንደንሰሩና በራዲያተሩ መካከል ነው። ከፊት ሲታይ ንጹሕ ይመስላል። የእጅ ባትሪ አብርታችሁ ከላይ ወደ ታች በክፍተቱ ተመልከቱ። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ዝቅ ባለ ግፊት ውሃ፣ ከሞተሩ በኩል ወደ ፊት ማጠብ ይሻላል። ኃይለኛ የማጠቢያ ፓምፕ የኮንደንሰሩን ቀጫጭን የብረት ቅጠሎች አጥፎ ጭራሽ ይዘጋቸዋል።

አንድ የምወደው ሙከራ አለ። መኪናው ቆሞ፣ ኤሲው በርቶ፣ ቴርሞሜትሩ የአየር መውጫው ውስጥ እያለ ከፊት በኩል ኮንደንሰሩ ላይ ቀስ ያለ ውሃ አፍስሱ። በአንድ ሁለት ደቂቃ ውስጥ ቁጥሩ ጉልህ ከወረደ ነገሩ ግልጽ ነው። ኤሲው ሙቀት መድፊያ አጥቶ ነው የደከመው። ምንም ካልተለወጠ ወደ ሌላው መሄድ ነው።

በሚኒሞ መድከም ሌላም ምክንያት ሊኖረው ይችላል። ኮምፕሬሰሩ ሲያረጅ በዝግታ ሲዞር የሚጨምቀው ያንሳል፤ ነዳጅ ሲሰጠው ይነቃል። ፋኑና ኮንደንሰሩ ደህና ሆነው ይህ ከታየ ኮምፕሬሰሩ ይጠረጠራል። ቀድሞ እሱን መጠርጠር ግን ብዙ ያስወጣል።

ኮምፕሬሰሩ መሥራቱን በምን አውቃለሁ?

በአሮጌ መኪኖች ላይ ኮምፕሬሰሩ ፊት ላይ ፍሪሲዮን አለ። ኤሲ ሲበራ ማግኔት ይስበውና “ቀጭ” ብሎ ይያያዛል፤ ሞተሩም ትንሽ ዝቅ ብሎ ይመለሳል። ቺንጋው የሚያዞረው የውጭው ክብ ሁልጊዜ ስለሚዞር አትሳሳቱ፤ መታየት ያለበት መሐል ያለው ሳህን ነው። አዳዲስ የሚባሉት አንዳንድ ኮምፕሬሰሮች ፍሪሲዮን የላቸውም፤ እዚያ ላይ ድምፅ አለመስማት ምንም ማለት አይደለም።

ሳህኑ ጭራሽ ካልያዘ ፊውዙን እዩ። ሌላው ሰፊ ምክንያት ጋዙ በጣም ማነሱ ነው። ግፊቱ ከመጠን በታች ሲወርድ አንዲት ትንሽ ስዊች ኮምፕሬሰሩ እንዳይነሳ ትከለክላለች። ጋዝ ከሌለ ዘይትም በደንብ አይዞርም፤ ኮምፕሬሰሩ በደረቁ እንዳይፈጭ የተቀመጠች ጠባቂ ናት። ስለዚህ ስዊቿን በሽቦ አልፎ ኮምፕሬሰሩን በግድ ማስነሳት መልካም አይደለም።

በየጥቂት ሴኮንዱ ይዞ የሚለቅ ከሆነም የተለመደው ምክንያት የጋዝ ማነስ ነው።

ጠዋት ይሠራል፣ ሞተሩ ሲግል ይለቃል? ይህ ብዙ ሰው ኮምፕሬሰር የሚቀይርበት ስሕተት ነው። ፍሪሲዮኑ ሲበላ በሳህኑና በማግኔቱ መካከል ያለው ክፍተት ይሰፋል። ክፍተቱ ከአንድ ሚሊሜትር በታች መሆን አለበት። ማግኔቱ ሲግል ኃይሉ ስለሚቀንስ ያን የሰፋ ክፍተት መሳብ ያቅተዋል። በብዙ ሞዴሎች ላይ ከሳህኑ ጀርባ ያለችውን ቀጭን ቀለበት በማንሳት ክፍተቱ ይጠብባል። ኮምፕሬሰሩ ራሱ ምንም ላይሆን ይችላል።

ሁሉም ደህና ነው፣ አየሩ ግን አይቀዘቅዝም?

ያኔ ጣሪያው እያፈሰሰ ነው። ከክሩስኮቱ ጀርባ ከኢቫፖሬተሩ ሌላ የማሞቂያ ራዲያተርም አለ፤ የሞተሩ የጋለ ውሃ በውስጡ ያልፋል። በሁለቱ መካከል አንዲት የፕላስቲክ በር አለች። የሙቀት ማዞሪያውን ስታዞሩ የምትንቀሳቀሰው እሷ ናት። በሩ በደንብ ካልተዘጋ የቀዘቀዘው አየር ከጋለው ጋር ተቀላቅሎ ለብ ያለ ሆኖ ይወጣል። ኤሲው በሙሉ አቅሙ እየሠራ ነው፤ ማሞቂያው ግን አብሮት ይሠራል።

ምልክቱን ልብ በሉ። ከኢቫፖሬተሩ የሚወጣው ወፍራም የብረት ቱቦ ሲነካ ቀዝቃዛና ላብ ያለበት ነው፤ ከአየር መውጫው የሚመጣው ግን ለብ ያለ ነው። ማዞሪያውን ከሙቀት ወደ ቅዝቃዜ ስታዞሩ ከክሩስኮቱ ጀርባ ምንም ድምፅ ወይም ለውጥ ከሌለ፣ ወይም “ጠቅ ጠቅ” የሚል ድምፅ ከተሰማ በሩን የምታንቀሳቅሰው ትንሽ ሞተር ተበላሽታለች። በጣም በቆዩ መኪኖች ላይ ሞተር ሳይሆን ገመድ ነው፤ ገመዱ ይላላል ወይም ይወልቃል። አንዳንዶቹ ደግሞ ወደ ማሞቂያው የሚሄደውን ውሃ የሚዘጋ ቫልቭ አላቸው፤ እሱ ክፍት ሆኖ ይቀራል።

መጀመሪያ ጥሩ ይቀዘቅዝና ቆይቶ የሚጠፋውስ?

ከግማሽ ሰዓት ጉዞ በኋላ አየሩ እየደከመ እየደከመ ሄዶ ይጠፋል። ኤሲውን አጥፍታችሁ ብሎወሩን ብቻ አሥር ደቂቃ ስትተዉት ተመልሶ ይመጣል። ይህ የበረዶ ሥራ ነው። ኢቫፖሬተሩ ከዜሮ በታች ወርዶ በላዩ ያለው እርጥበት በረዶ ይሠራል፤ በረዶው የአየሩን መንገድ ይዘጋል። ኢቫፖሬተሩ በረዶ ሊሠራ ሲቃረብ ኮምፕሬሰሩን የሚያጠፋ የሙቀት መለኪያ አለ፤ እሱ ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል። የተደፈነ ፊልትሮም ያመጣዋል። የሚገርመው የጋዝ ማነስም በረዶ ይሠራል፤ ግፊቱ ሲወርድ ጋዙ ከመጠን በላይ በቀዘቀዘ ደረጃ ላይ ይተናል።

የአየሩ ኃይል ሳይቀንስ ቅዝቃዜው ብቻ ከጠፋና ከተመለሰ ግን ቱቦው ውስጥ ውሃ ገብቶ ይሆናል። ጠብታዋ ጠባቧ የማስፋፊያ ቀዳዳ ላይ ትቀዘቅዝና ትዘጋታለች፤ ስትሟሟ ትከፍታለች።

ጌጁ (የግፊት መለኪያው) ሞልቷል ካለ ሞልቷል ማለት ነው?

አይደለም። የማብሰያ ጋዝ ሲሊንደር አስቡ። ሙሉም ሆነ ሩብ፣ ምድጃው ላይ ያለው ነበልባል ያው ነው። ስንት እንደቀረ ለማወቅ ሲሊንደሩን ታነሱታላችሁ፤ በክብደት ነው የሚታወቀው። የኤሲ ጋዝም እንዲሁ ነው። ሞተሩ ጠፍቶ በ25 ዲግሪ ሙቀት አር-134ኤ ጌጁ ላይ ወደ 80 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ አሃድ ነው) ያሳያል። ውስጥ 200 ግራም ይኑር 600፣ ጥቂት ፈሳሽ እስካለ ድረስ ቁጥሩ አንድ ነው። የሚወስነው የአየሩ ሙቀት ነው።

ሞተሩ እየሠራ ግን ሁለቱ ጌጆች አብረው ሲታዩ ብዙ ይናገራሉ። በዝቅተኛው ግፊት በኩል ከ25 እስከ 45 ፒኤስአይ፣ በከፍተኛው ግፊት በኩል እንደ ቀኑ ሙቀት ከ150 እስከ 250 የተለመደ ነው። ሁለቱም ዝቅ ካሉ ብዙ ጊዜ ጋዝ አንሷል። ሁለቱም ከፍ ካሉ ጋዙ በዝቷል፣ አየር ገብቷል ወይም ኮንደንሰሩ ሙቀት መጣል አቅቶታል። ዝቅተኛው ከፍ፣ ከፍተኛው ዝቅ ብሎ ሁለቱ ከተቀራረቡ ኮምፕሬሰሩ አይጨምቅም።

“ትንሽ ጨምርበት” የሚባለው ነገር የሚጎዳውም እዚህ ላይ ነው። ከመጠን ያለፈ ጋዝ ኮንደንሰሩን በፈሳሽ ይሞላዋል፤ ጋዙ ሙቀቱን የሚጥልበት ቦታ ይጠብበዋል። ቅዝቃዜው ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም። ፈሳሹ ወደ ኮምፕሬሰሩ ከተመለሰ ደግሞ ውስጡን ይሰብራል፤ ፈሳሽ አይጨመቅምና።

በትክክል የሚሞላው እንዴት ነው?

መኪናው የሚፈልገው የጋዝ መጠን በግራም ተጽፎ አለ፤ ብዙ ጊዜ ኮፈኑ ሥር የተለጠፈ ወረቀት ላይ። ትክክለኛው አሞላል የቀረውን ጋዝ በማሽን ማውጣት፣ ማፍሰሱን ፈልጎ መጠገን፣ ከዚያ በቫኩም ፓምፕ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት አየሩን መምጠጥ ነው። ቫኩሙ አየርን ብቻ አያወጣም። ግፊቱ በጣም ሲወርድ ውስጥ የቀረ ውሃ በክፍል ሙቀት ይፈላና አብሮ ይወጣል። ፓምፑ ከቆመ በኋላ ጌጁ ሳይነቃነቅ ከቆየ ትልቅ ቀዳዳ የለም። መጨረሻ ላይ በሚዛን እየተለካ የተጻፈው ግራም ይገባል።

ቱቦው ተከፍቶ ከቆየ ማድረቂያውም መቀየር አለበት። እርጥበት የሚመጥ ፍሬ ያለበት ትንሽ ጣሳ ነው፤ አንዴ ከጠገበ አይሠራም። ኮምፕሬሰሩ ተፈጭቶ የብረት ብናኝ ከረጨ ደግሞ አዲስ ኮምፕሬሰር ብቻ መግጠም አዲሱንም መግደል ነው። ቱቦዎቹ መታጠብ፣ ማስፋፊያው መቀየር አለበት። የቅርብ ጊዜዎቹ ቀጫጭን ኮንደንሰሮች ታጥበው ስለማይጸዱ እነሱም አብረው ይቀየራሉ። ውድ ነው፤ ግን ግማሹን ሠርቶ መተው ሁለት ጊዜ ያስከፍላል።

የጋዙ ዓይነት ለውጥ ያመጣል?

ያመጣል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹና ከዚያ በፊት የተሠሩ መኪኖች አር-12 የሚባል ጋዝ ነበር የሚጠቀሙት። ጋዙ የኦዞን ሽፋንን ስለሚጎዳ እ.ኤ.አ. በ1987 በተፈረመው የሞንትሪያል ስምምነት መሠረት ቀርቷል፤ በ1990ዎቹ አጋማሽ መኪና አምራቾች ወደ አር-134ኤ ዞሩ። እሱም ኦዞን ባይነካም ምድርን በማሞቅ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአንድ ሺህ ጊዜ በላይ ኃይል ስላለው አሁን በአር-1234ዋይኤፍ እየተተካ ነው። ወደ አየር መልቀቅ በብዙ አገሮች የተከለከለው ለዚህ ነው።

መሙያ አፎቹ የተለያየ ቅርጽ ያላቸው ሆን ተብሎ ነው፤ እንዳይቀላቀሉ። የአር-12 መኪና ወደ አር-134ኤ ሊዞር ይችላል፤ ግን የድሮው ዘይት ከአዲሱ ጋዝ ጋር አይዋሐድም። ዘይቱ፣ ማድረቂያውና ኦሪንጎቹ መቀየር አለባቸው፤ የጋዙም መጠን ከድሮው ይቀንሳል።

የማብሰያ ጋዝ መሙላትን በተመለከተ ሳላመነታ እናገራለሁ፤ አታድርጉት። ያቀዘቅዛል፣ እውነት ነው። ግን ኢቫፖሬተሩ ያለው እናንተ በምትቀመጡበት ክፍል ውስጥ ነው። እዚያ ካፈሰሰ ልጆቻችሁን ጭናችሁ የሚቀጣጠል ጋዝ በተሞላ ሳጥን ውስጥ እየሄዳችሁ ነው።

ራሴ ብሞላውስ?

ፊልትሮ መቀየር፣ ኮንደንሰር ማጠብ፣ ፊውዝና ፋን ማየት ራሳችሁ ሥሩት። ጋዙን ግን መሣሪያው ላለው ብትተዉ እመርጣለሁ። ሲያመልጥ ቆዳንና ዓይንን በቅጽበት በብርድ ያቃጥላል። ጣሳውን በስሕተት በከፍተኛው ግፊት በኩል ካገናኛችሁት ሊፈነዳ ይችላል። “ቀዳዳ ይደፍናል” ተብሎ ከጋዝ ጋር የሚሸጠው ፈሳሽም ጠባቧን ማስፋፊያ ሊደፍን፣ የጋራዡንም ማሽን ሊያበላሽ ይችላል።

ጋራዥ ስትሄዱ “ጋዝ ሙላልኝ” በሚለው ፈንታ ያያችሁትን ተናገሩ፦ “ስነዳ 8 ዲግሪ ያወጣል፣ ስቆም 20 ይደርሳል። ፋኑ ይዞራል። ፊልትሮው አዲስ ነው።” በደንብ የሚሠራ መካኒክ ከዚህ ዓረፍተ ነገር ብቻ የት መጀመር እንዳለበት ያውቃል።

ኤሲውን በቀዝቃዛው ወራትም በየሳምንቱ አሥር ደቂቃ አሠሩት። ዘይቱ ዞሮ የኮምፕሬሰሩን ማተሚያ ያርሰዋል፤ የደረቀ ማተሚያ ያፈሳል።

ከመኪናው ሥር የሚንጠባጠበው ውሃስ?

ጤና ነው። ከአየሩ የወጣ እርጥበት ኢቫፖሬተሩ ላይ ውሃ ሆኖ በትንሽ ቱቦ ወደ መሬት ይወርዳል። በሞቃትና እርጥብ ቀን ጭራሽ ካልተንጠባጠበ ነው የሚያሳስበው። ውሃው መሬት ላይ ሳይሆን ከፊት ተሳፋሪው እግር ሥር ምንጣፉ ላይ ከተገኘ ቱቦው ተደፍኗል። ከመኪናው ሥር ገብቶ ጫፉን በለስላሳ ሽቦ ቀስ አድርጎ መክፈት ይበቃል፤ የታቆረው ውሃ በአንዴ ስለሚወርድ ፊታችሁን ከሥሩ አርቁ።